ልዩ ልዩ

ሚያዝያ ሃያ ስድስት፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣
ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የእድሩ ድንኳን ከሚቀመጥበት፣
ሠላሳ አንድ አባል ተገኝቶ፣ ጉባኤው ሞላ ተባለ።
ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ከዚህ ሰፈር ሞቶ
በእጄ ያልተመዘገበ ማን አለ?

አንደኛ፣ የወንበር ኪራይ። ሁለተኛ፣ የመዋጮ ጭማሪ።
ሦስተኛ፣ አይጥ የበላው ድንኳን፤ ይሰፋ ወይስ ይሁን ቀሪ።
አራተኛው «ልዩ ልዩ» ነው፤ የተረፈ ነገር መጣያ፣
ሰው ሰዓቱን እያየ፣ ኮቱን የሚያነሳበት ማብቂያ።

እዚያ ላይ ነው ወይዘሮ ዘርፌ የተነሣች።

«ልጄ ይትባረክ» አለች፣ «አሥራ ሰባት ሆነው ዓመቱ፤
እሱ አደገ፣ እኔ አረጀሁ፤ ወገቤን በለጠው ክብደቱ።
ሰባ ሁለት ደረጃ ነው። አዝዬው ነው የማወርደው፤
ታች ግድግዳ አስደግፌ፣ ዊልቸሩን ወጥቼ የማመጣው።
ከታኅሣሥ ወዲህ አልወረደም። ጥምቀትን ያየው በመስኮት፤
ባቡሩን ይቆጥራል፣ የትኛው እንደዘገየ ያውቃል በደቂቃ ልዩነት።
ጥቁር አንበሳ ፊዚዮቴራፒው ማክሰኞና ሐሙስ ነበረ።

ቢሞትብኝ፣ ከዚያ ፎቅ የሚያወርደው ትከሻ አያጣም፤
በሕይወት ሳለ ግን፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣
ሁለት ሰው እንኳን አይመጣም።»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደንቡን ገለጡ። አንቀጽ ሰባት።
«ለሐዘን ነው» አሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁት።
አንዱ «እግዜር ይማርልሽ» አለ፤ አንዷ «ጠበልስ?» አለች፤
ዘርፌ ለሁለቱም ራሷን ነቀነቀች፤ ይህን መልስ ታውቀዋለች።
ሌላው «የመንግሥት ሥራ ነው፤ ወረዳው ሊፍት ይትከል» አለ፤
ብዙ እጅ አጨበጨበለት፤ ጭብጨባ ምን ወጪ አለ?

በያጁ ቃሲም ብቻ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፣
የመግቢያውን ሦስት ደረጃ ለካ፤ ሳያስፈቅድ ከስብሰባው ወጣ።
ይህን አልመዘገብኩም፤ ያለ እጅ ብልጫ ነውና የመጣ።

«ምድር ቤት ያለ ሰው ቢለዋወጠኝስ?» አለች ቀስ ብላ፣
ማንንም ሳታይ፣ ዓይኗን ሲሚንቶው ላይ ተክላ።
እስክሪብቶዬን ሞከርኩ። ቀለም ነበረው። ወረቀቱን ገለበጥኩ።
ብሎክ ዘጠኝ፣ ቁጥር ሁለት፣ ምድር ቤት፣
ብቻዬን የምኖር እኔ ነበርኩ።
ሁሉም ያውቃል። አንድም ሰው ወደ እኔ አልዞረም።
ይሉኝታ እንዲህ ሲከብድ አይቼ አላውቅም።

ጻፍኩ፦ «አጀንዳ አራት ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል።»
ትምህርት ቤቱ «ልዩ ፍላጎት» ብሎት ነበር፤
እኛ አንድ ልዩ ጨመርንለት፤
ፍላጎቱን ተውንና።

ማታ ላስፈርማት ወጣሁ፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ።
ሠላሳኛው ላይ አረፍኩ። አርባ ሁለተኛው ተሰብሯል፤
በጨለማ የእሷ እግር ያውቀው ይሆናል።

የከፈተልኝ እሱ ነው። ሕፃን ነበር የጠበቅኩት፤
ጢም ያቀመቀመ ጎረምሳ፣ ማሊያ የለበሰ፣ አገኘሁት።
«የቁጥር ሁለቱ ጸሐፊ» አለኝ፣ ቃሉ እየተጎተተ፣
ሳቁ ግን ቀድሞት መጥቶ ፊቱን እየከፈተ፤
«ከባቡር ሲወርዱ አይዎታለሁ። ጥቅምት ላይ ሁለት ሳምንት ጠፉ፤
ሾርባውን ያስላክሁት እኔ ነኝ፤ እማዬ አስቀመጠችው ከደፉ።
ተሻለዎት?»

ፔርሙሱ እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው።
አጥቤዋለሁ። አልመለስኩትም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከመግቢያው የብየዳ ሽታ ይመጣል፤
ቃሲም ብረቱን አጋድሞ፣ አንድ ጫፍ ያዙልኝ ይላል።
ያዝኩለት። ከዚያ ሜትሩን ለአንድ ሰዓት ተዋስኩና ገባሁ፤
ቁም ሣጥኔ በአራተኛ ፎቅ በር ያልፍ እንደሆን
እየለካሁ ነው ያለሁ።